በአካል ቅረቢ

የሰበታው የእንግሊዝኛ መምህር ተድላ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። የተማሪን ስህተት በቀይ አክብቦ ዝም አይልም፤ ባለደብተሩ ራሱ በአካል ቀርቦ፣ በገዛ አፉ ካላስረዳ ማርክ የለም። በተለይ በእነዚያ አጫጭርና ተመሳሳይ በሆኑ ቃላት ላይ ምሕረት አያውቅም። «ኦቭ» እና «ኦፍ»፣ «ኳይት» እና «ኳየት»፣ «ዜን» እና «ዛን»፤ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች ቤቱ የተዘረፈ ያህል ይንገበገባል። ተማሪዎቹ ከኋላው ይስቁበታል፤ ቃላቱን ግን ያውቋቸዋል።

በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲበረታ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መምህራን ብቻ እየገቡ ማርክ እንዲያጠናቅቁ ተነገራቸው። ሌላው ያለውን ሞልቶ ተገላገለ፤ ተድላ ግን ሕጌ ሕግ ነው ብሎ ድርቅ አለ። አንዲት ተማሪ ቀርታው ነበር፤ ከተፍኪ የምትመላለሰው ሲፈን ከድሩ፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው። «ዜን» እና «ዛን»ን አቀያይራ ጽፋለች። አባቷ ቤት ትተውት በወጡት ስልክ ደወለ፤ ራሷ አነሳችው።

«ቲቸር፣ መንገዱ እኮ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ታክሲም የለም» አለችው።

«ሰበብ አታብዢ። እስከ ሐሙስ በአካል ካልቀረብሽ ዜሮ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት በእግሯ ስትመጣ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሲፈን ሰበታ አልደረሰችም።

ተድላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን ደብተሯን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ተፍኪ ለቅሶ ሄደ። ልናገር ወይስ ልተወው እያለ ሳይወስን ድንኳኑ ደረሰ። አባቷ ኦቦ ከድሩ እጁን ይዘው አጠገባቸው ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት።

«ገለቶሚ፣ መምህር። አላህ ይስጥህ» አሉት። «ግን አታልቅስላት። ይቺ ልጅ እኔን ንቃ ነው የሞተችው። ሰልፍ እንዳትሄጂ ብያት ነበር። ትምህርት ቤት ተጠርቼ ነው አለችኝ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ማን ይጠራታል? ዋሾ አልኳት። ከወጣሽ እንዳትመለሺ አልኳት። ቃሌን ጥሳ ሄደች።»

ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ይህን ከአንድም ሦስት ጊዜ ሰምተውታል። ተድላ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ዝም ካለ ግን ልጅቷ አባቷ ዘንድ ዋሾ እንደተባለች መቅረቷ ነው። ፈራ፤ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም።

«አልዋሸችም፣ ኦቦ ከድሩ» አለ። «በእርስዎ ስልክ ደውዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። ካልመጣሽ ዜሮ ነው ብያታለሁ።»

ሽማግሌው እጁን ለቀቁት። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ጎተቱ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ። «ልጄ እውነቷን ነበር።» ከቀበሯት ወዲህ እንባ ያልወጣቸው ሰው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ። ተድላም አብሯቸው አለቀሰ፤ ማንም ግን አይዞህ አላለውም።

ኦቦ ከድሩ ፊታቸውን ጠረጉ። «ምን አጥፍታ ነው የጠራሃት?»

ደብተሩን አወጣ። «ሁለት ቃላት አቀያይራ ነው።»

«በል ለእኔ አስረዳኝ።»

ተድላ ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ አስረዳቸው። አንደኛው ቃል ከዚያ በኋላ ማለት ነው፤ ሰው መጀመሪያ ያርሳል፣ ከዚያ በኋላ ይዘራል። ሁለተኛው ለማወዳደሪያ ነው፤ ይህ በሬ ከዚያኛው በሬ ይበልጣል ሲባል።

«በቃ?» አሉ።

«በቃ።»

ኦቦ ከድሩ ደብተሩን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ድምፃቸውን አላነሱም።

«እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ገባኝ። ይህን ያን ቀን በስልኩ ልትነግራት አትችልም ነበር?»

«እችል ነበር» አለ ተድላ።