ሰው ሲገባ የሚነሳው ላፕቶፕ

ላፕቶፔ አጠገቡ ከተቀመጥሁ ደህና ነው። ትቼው ከወጣሁ ግን፣ ስመለስ ፓስወርድ እየጠየቀ ይጠብቀኛል። ጠፍቶ ተነስቷል ማለት ነው። ስሌቱም እንደገና ከዜሮ።

ስሌቱ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ ነው፤ እምቦጭን ነፋስና ማዕበል እየገፉት ጣና ላይ የት የት እንደሚደርስ ይተነብያል። አንዴ ከተጀመረ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። አማካሪዬ ዶክተር ይትባረክ ሰኞ ለረጅም ሥልጠና ወደ ውጭ ይሄዳሉ። «ውጤቱን እሑድ ማታ ካላየሁት ለዲፌንስ አልፈርምም፤ ለከርሞ እንገናኛለን» ብለውኛል። ከርሞ የሚባል ነገር መስማት አልፈልግም።

የምኖረው ሽምብጥ ሰፈር፣ እህቴ ፀደንያ ቤት ነው። ፀደንያ አራስ ናት። ባሏ ግሩም ለሥራ ጎርጎራ ስለሆነ አክስታችን እትዬ የሺመቤት ከአንበሳሜ መጥተው ያርሷታል። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ወይ እሳቸው ወይ እኔ አጠገቧ እንሆናለን። ሰው ለአፍታ ከራቀ ደግሞ ትራሷ ሥር ብረት ይደረጋል። በዚህ አልከራከርም። ጊዜ የለኝም።

ሐሙስ ስሌቱን አስጀምሬ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተውሁት።

«እትዬ፣ የዓመት ልፋቴ እዚህ ውስጥ ነው። ማንም እንዳይነካብኝ፣ አደራ።»

«ሂጂ ልጄ፣ እኔ እያለሁ!»

ስመለስ ጠፍቶ ተነስቷል።

«ነክተውታል እንዴ?»

«በሥላሴ ስም! ጣቴን አላሳረፍሁበትም።»

እትዬ የሺመቤት በሥላሴ ምለው አይዋሹም።

ዓርብ በራሱ እንዳይተኛ፣ በራሱም አፕዴት አድርጎ እንዳይነሳ አደረግሁት። ባትሪው ሙሉ ነበር፣ መብራትም አልሄደም። ፊቱ ተቀምጬ እጄን አጣጥፌ ሳየው አረፈድሁ። ምንም። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣ ፓስወርድ።

በብስጭት መቼ መቼ እንደተነሳ ከራሱ ከላፕቶፑ ፈለግሁ። ሁለቱንም ቀን የተነሳው ልክ እኔ ስገባ ነው። ስወጣ አይደለም፣ ስገባ! ይህ የባሰ ግራ አጋባኝ። እግሬን ሰምቶ ነው የሚነሳው? ላፕቶፕ ነው ውሻ?

ቅዳሜ ዕለት ገበያው አጠገብ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ላለው ለሙኽታር ወሰድሁለት። ፈታው፣ አቧራውን ነፋው፣ ገጠመው። ከዚያ ከፍቶ ተወውና ምሳውን በላ፣ ሰገደ፣ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ኳስ ተጨቃጨቀ። ላፕቶፑ ፍንክች አላለም።

«ይህ ጤነኛ ነው» አለኝ።

«ቤት ይጠፋል እያልሁህ!»

«እንግዲያው ቤቱን አምጪልኝ።»

«አትቀልድ ሙኽታር።»

«አንቺ ስትገቢ ነው የሚነሳው አላልሽም? ፈገግ ብለሽ ግቢ እስቲ። ደንግጦ ይሆናል።»

«ነገ እዚህ አስቀምጬው ብውልስ?»

«ነገ እሑድ ነው፤ ዘበኛው ፎቁን ይቆልፈዋል።»

እሑድ ማለዳ ስሌቱን አስጀምሬ ላልነቃነቅ ወሰንሁ። ምሳዬንም እዚያው በላሁ። ከሰዓት በኋላ ፀደንያ ከመኝታ ቤት ጠራችኝ። ስፌቷ እያመማት ነው፣ ማስታገሻው አልቋል። እትዬ ከተማውን አያውቁትም። ስክሪኑን አየሁ፤ ከግማሽ አልፏል። እህቴን አየሁ። ፊቷ ጭምድድ ብሏል። ተሳድቤ ወጣሁ።

የግቢያችን ቆርቆሮ በር ሲከፈት ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ስጣደፍ እንደተከፈተ ተውሁት። መታጠፊያው ላይ ስደርስ የሐኪሙን ማዘዣ መርሳቴ ትዝ አለኝ። ሮጬ ተመለስሁ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ድምፅ አላሰማሁም። በረንዳው ላይ ስወጣ በሳሎኑ መስኮት እትዬ የሺመቤትን አየኋቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። አማተቡና ኪቦርዱ ጥግ ላይ ሊያኖሩት ጎንበስ አሉ።

«እትዬ! ይቁሙ!»

ደንግጠው ደረታቸው ላይ አቀፉት። «ምን ነካሽ ዜማ? አራሷን ልታስደነግጫት ነው?»

«ምንድን ነው የያዙት?»

«ብረት ነዋ።»

«አልነካሁትም ብለውኝ!»

«መቼ ነካሁት? ብረት አኖርሁለት እንጂ። አደራ አላልሽኝም? አንቺ ስትሄጂ ብቻውን ቀረ። ፀደንያን እኔ አለሁላት፣ የሷ ብረት ሥራ ፈታ። ለዚህ አደረግሁለት። በሩ ሲንጫረር መጣሽ ብዬ አነሳዋለሁ። ሰው ካለ ብረት ምን ያደርጋል?»

ጨርቁን ተቀብዬ ፈታሁት። ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ክብ ማግኔት ነው። እጄ ላይ የነበረው የቤት ቁልፍ ጠቅ ብሎ ተለጠፈበት።

«እትዬ፣ ይህ እኮ ማግኔት ነው!»

«ከብረትም ብረት ነው። ብረት የሚጎትት ብረት የት ይገኛል?»

«ኧረ በማርያም አታስቁኝ፣ ስፌቴ!» አለች ፀደንያ ከውስጥ።

ላፕቶፕ መከደኑን የሚያውቀው ክዳኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ማግኔት ነው። የእትዬ ማግኔት ጥጉ ላይ ሲያርፍ «ተከደንሁ» ብሎ ይተኛል፤ የእኔው ደግሞ አርጅቶ ከእንቅልፉ በቅጡ መንቃት ስለማይችል፣ ማግኔቱ ሲነሳለት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሲከደን እንዳይተኛ ማድረግ ይቻል ነበር። ግን ክዳኑን ማን ነካው ብዬ?

«ከእንግዲህ ይህ ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ።»

«እና ብቻውን ልትተዪው?»

ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይቆጥራል፣ እህቴ ታቃስታለች። አልተከራከርሁም። ላፕቶፑን ተሸክሜ መኝታ ቤት ወንበር ላይ አኖርሁት፤ አንድ ሰው ለሁለት። ማግኔቱን ማዕድ ቤት ወስጄ፣ በምትኩ ቢላዋ አመጣሁላቸው። ማዘዣውን ይዤ ወጣሁ፤ በሩንም ዘጋሁት።

መድኃኒቱን ገዝቼ ስመለስ በሩ እንደ ልማዱ ጮኸ። ቆም አልሁ። ከዚያ ገባሁ። እትዬ በሕፃኑና በላፕቶፑ መካከል ተቀምጠዋል።

«ቀስ!» አሉኝ። «እየሠራ ነው።»

ሲመሻሽ ስሌቱ አለቀ። ወዲያው ላክሁት። ዶክተር ይትባረክ «አየሁት፤ ፈርሜአለሁ» ብለው መለሱልኝ።

ያኔ ማግኔቱን ከማዕድ ቤት አምጥቼ፣ እትዬ እያዩ ኪቦርዱ ጥግ ላይ አኖርሁት። ስክሪኑ ጨለመ።

«አዩ? ሲያጠፋብኝ የነበረው ይኸው ነው!»

ጎንበስ ብለው በጥሞና ተመለከቱት።

«የት ጠፋ? ተኛ እንጂ። የብረት ሥራው ይኸው ነው፤ ብቻውን የሆነ ሰው በሰላም እንዲተኛ።»

ተኝቷል፤ እውነት ነው። ያደረገውም ብረታቸው ነው፤ እሱም እውነት ነው። ታዲያ የተሳሳቱት የቱ ላይ ነው? ሲቸግረኝ ማግኔቱን አነሳሁት። ላፕቶፑ እንደገና ተነሳና ፓስወርድ ጠየቀኝ።