አምስት ቀይ ክብ

ጋሽ ሲሶን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ጠበቅኩት። ስሙን ያወጣንለት እኛ ሠራተኞቹ ነን። ዓይን ከፎቶው የላይኛው ሲሶ ላይ ይዋል፣ ትከሻ የታችኛውን ሲሶ አይለፍ እያለ ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዘን ሲሶ ሆኖ ቀረ። በእሱ ስቱዲዮ ስድስት ዓመት ጉርድ ፎቶ አንስቻለሁ። አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ አፍ ግጥም። እዚያ የተነሳ ሰው ሁሉ ፖሊስ የያዘው ይመስል ነበር።

አንድ ሌላ ደንብም ነበረው። የከሸፈ ፎቶ ከነነጌቲቩ በመቀስ ይቆረጣል። “በኔ ስም መጥፎ ሥራ ከዚህ በር አይወጣም” ይላል። ከመቆረጡ በፊት ግን እንድንማርበት ስህተቱ በቀይ እስክሪብቶ ይከበባል። መቀሱ የጠረጴዛው እግር ላይ በሲባጎ ታስሮ ይውላል፤ ማንም እንዳይወስድበት።

አባቴ አናጢ ነበር። አንድ ቀን ምሳውን ላደርስለት ስሄድ ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ ከደንበኛ የተረፈች የመጨረሻ ፊልም ነበረችበት። አባቴ ሚስማር መታሁ ብሎ አውራ ጣቱን በመዶሻ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደባል። እሱ እጁን እያራገፈ በሳቅ ፈረሰ። ሳላስብ ጠቅ አደረግኩት።

ፊልሙ ሲታጠብ ጋሽ ሲሶ አገኛት። ወረፋ በሚጠብቁ ደንበኞች ፊት ጠራኝና እስክሪብቶውን አወጣ።

“የጭንቅላቱ ጫፍ ተቆርጧል፣ አንድ። ፎቶው ተንጋዷል፣ ሁለት። እጁ ጭጋግ ሆኗል፣ ሦስት። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ አራት። አናቱ ላይ መሰላል በቅሎበታል፣ አምስት! ይቺን ያነሳችው ስድስት ዓመት ያስተማርኳት ልጅ ናት።”

ደንበኞቹ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ።

“ጋሼ፣ አባቴ ነው። ለኔ ይተዉልኝ” አልኩት።

“አባትሽ ቢሆንማ በደንብ ታነሺው ነበር” አለና ፎቶውንም ነጌቲቩንም ቆረጣቸው።

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ከሥራ ሳይመለስ ልቡ ቀጥ አለ። ቀብሩ ላይ የያዝነው ጋሽ ሲሶ ራሱ ያነሳውን ጉርድ ፎቶ ነበር፤ አገጭ ቀና፣ አፍ ግጥም። አክስቴ አይታው “ይሄ ደግሞ ማነው?” አለች። ያን ቀን ላዋርደው ማልኩ።

ሥራዬን ለቅቄ ከእሱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለች ጠባብ ቤት ተከራይቼ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ፎቶ የምሰቅልበት ቪትሪኔ በቀጥታ የእሱን በር ያያል። ከዚያ ጠበቅኩ። ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይስታል፤ እሱም ይስታል ብዬ።

ሳተ። አንድ ነፋሻማ ጠዋት ሰማያዊውን የስቱዲዮ መጋረጃ አጥቦ በሩ ላይ ሊያሰጣ ሲታገል ነፋሱ መጋረጃውን እንዳለ አለበሰው። ከውስጡ ሲወራጭ፣ ሲወራጭ ቆይቶ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። ፀጉሩ ተንጨብርሯል፣ አንድ እጁ አየር ይቀዝፋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን ይስቃል። ካሜራዬን አንጋድጄ፣ የአናቱን ጫፍ ቆርጬ፣ የመብራቱን ምሰሶ ከጭንቅላቱ አብቅዬ አነሳሁት። እጁንና ዓይኑን እሱ ራሱ ጨመረልኝ።

በር የሚያክል አድርጌ አሳጠብኩት። አምስቱን ስህተት በቀይ ከበብኩና ከሥር “በመምህሩ ደንብ የታረመ” ብዬ ጽፌ ቪትሪኑ ውስጥ ሰቀልኩት። ከዚያ ወንበሬን ስቤ ሲሳቅበት ለማየት ተቀመጥኩ።

ሳቁ። ግን የጠበቅኩትን ሳቅ አይደለም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ይዛ “ውይ፣ ጋሽ ሲሶ ለካ ጥርስ አለው!” አለች። ጫማ አዳሹ ሥራውን ጥሎ መጥቶ “እኔ እኮ ሰውየውን እፈራው ነበር” አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ገብተው “እንደሱ አንሺን” አሉኝ።

በንዴት ጦፍኩ። ፎቶውን አወረድኩና ምኑ ነው እንዲህ ያደረጋቸው ብዬ አፈጠጥኩበት። እጁ ጥርት ብሎ ቢወጣ ኖሮ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስል ነበር። አሁን ግን ነፋሱ ራሱ እጁ ላይ ይታያል። ፎቶው ቀጥ ቢል ኖሮ ዝም ብሎ የቆመ ይመስል ነበር፤ አሁን ግን ሊወድቅ ነው። አናቱ የተቆረጠው ደግሞ ሳቁ ከፎቶው ስለሚበልጥ ነው። ላዋርደው ብዬ አስወደድኩት! መልሼ ሰቀልኩት፤ ማውረዴን ሰው ካየ መሸነፌን ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ መጣች። ቪትሪኑ ፊት ብዙ ቆማ ገባች።

“ልጄ፣ ቤት ውስጥ አርባ ፎቶ አለው። አንዱም እሱ አይደለም” አለችኝ። “የሰርጋችን ዕለት እንኳ አገጭሽን ቀና እያለ ነው ያስነሳኝ። ያገባሁት ግን ይሄኛውን ነው። ነጌቲቩን ስጪኝ፣ ሳልሞት ላስቀምጠው።”

ሳልመልስ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሲሶ ነው። መንገዱን ሲሻገር ይሄ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ፎቶውን ከቅርብ አየ፤ ከንፈሩ ክቦቹን ሲቆጥር ይታየኛል።

ነጌቲቩን ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። መቀስም አጠገቡ አስቀመጥኩ።

“ጋሼ፣ በርስዎ ደንብ ይሄ ምን ይደረጋል?”

መቀሱን አየ።

“ይቆረጣል ይበሉኝና ልቁረጠው። ወይም ጥሩ ፎቶ ነው ይበሉና እትዬ ይውሰዱት። እዚህ፣ ጮክ ብለው።”

ሚስቱ እጁን ያዘችው። ልብስ ሰፊዋና ጫማ አዳሹ በሩ ላይ ደርሰው ነበር።

“ጥሩ ፎቶ ነው” አለ በመጨረሻ። “አምስቱም ስህተት አለበት፤ ጥሩ ፎቶ ነው።”

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ እሰጣት ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄ ነጌቲቩን ወደ ሚስቱ መግፋት ጀምሮ ነበር። ግን አንድ ነገር ሳልጠይቀው መቅረት አልቻልኩም።

“የአባቴስ?”

መሬት መሬት አየ።

“የአባትሽ ይበልጣል” አለ። “ያኔም አውቄው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኔ ካሜራ ፊት እንደዚያ የሳቀ ሰው የለም። አንቺ በተረፈች አንድ ፊልም... ቀናሁ።”

አላወቀም ብዬ ነበር ስጠላው የኖርኩት። ለካ አውቆ ነው! መቀሱን አነሳሁ። ሚስቱ “ተይ፣ ልጄ” ስትል ሰምቻለሁ። ነጌቲቩን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቆረጥኩት። ጋሽ ሲሶ ሊያስጥለኝ አልሞከረም።

ሚስቱ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችኝ፤ እሱን ግን አላየችውም። ከዚያ ቪትሪኑ ውስጥ ገብታ ትልቁን ፎቶ ከነቀይ ክቦቹ አወረደችና ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ያም ያለ ነጌቲቭ የቀረ አንድ ፎቶ ነው፤ ቢቀደድ የሚተካው የለም።

ሳሎን ሰቅላዋለች ይላሉ። እሱም በየቀኑ ከሥሩ ተቀምጦ ይበላል፤ አምስቱ ክብ ከላይ ያዩታል። የፈለግኩት ይሄንን ነበር፤ አግኝቼዋለሁ፣ አልጸጸትም።

የሴትየዋ “ተይ፣ ልጄ” ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። እኔም የአባቴ ፎቶ የተቆረጠ ቀን “ይተዉልኝ” ብዬ ነበር።