የዛሪማው ጓድ

እኔ ሐረገወይን ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ገበያ ላይ ክርና መርፌ እሸጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የዛሪማ ሴት ክር ልትገዛ መጥታ ስንጫወት ያገሯን ልጅ ባነሣባት፣ «እንዳልካቸው? አለ እንጂ! ሚስት የለው፣ ልጅ የለው...» አለችኝ። ሞቷል ተብዬ አልቅሼለት ነበር እኮ! ልትቀጥል ስትል፣ «በቃ፣ ይበቃኛል!» አልኳት። ችኩል ነኝ፣ ምን ላድርግ።

በደርግ ጊዜ እንፍራንዝ አብረን መሠረተ ትምህርት አስተምረናል። ያኔ ሁሉም ሰው ጓድ ነበር። እሱ ጓድ እንዳልካቸው፣ እኔ ጓድ ሐረገወይን። ወደ ጦር ሜዳ ሲወስዱት ማኪናው ላይ ሆኖ፣ «ዛሬ እንኳን ጓዱን ተይውና በስሜ ጥሪኝ» አለኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገቤ ቆሟል። ፈራሁ። «በደህና ይግቡ፣ ጓድ» አልኩት። ይኸው አርባ ሦስት ዓመት ያንገበግበኛል። አንዴ እንዳልካቸው ብዬ ልጥራው፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ተገኘሁ። ረዳቱ «አሁን እንወጣለን» እያለ ሦስት ሰዓት አስመታን። ኬላ ላይ ደግሞ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ መታወቂያዬን አገላብጦ፣ «ከቀበሌ ደብዳቤ የለሽም?» አለኝ።

«ምነው ልጄ! ደርግ ወደቀ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ደብዳቤው አልወደቀም እንዴ?» ስለው የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቁ አመለጠውና አሳለፈኝ።

ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ጎማው ፈነዳ። ግን ምን ልዋሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ገደሉ ዳር ተቀመጥን፤ ደመናው ከእግራችን በታች ነው። አጠገቤ የነበረችው ይመኙሽ ድፎዋን ቆረሰች፣ ሌላው ቆሎውን ዘረገፈ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘመድ ሆንን።

«እትዬ፣ ማን ዘንድ ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«ጓደኛዬ ዘንድ።»

«ጓደኛ? በዚህ ሁሉ ሽቶ?» ብላ አላገጠችብኝ።

ዛሪማ በአሥር ሰዓት ገባን። የእንዳልካቸውን ቤት ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ አያ ባዬ የሚባሉ ሽማግሌ፣ «እንዳልካቸውማ ከመነኮሰ ሃያ ዓመቱ! በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ተደርሶለት፣ ለዓለም ሙት ሆኗል። አሁን አባ ወልደኢየሱስ ነው» አሉኝ።

ያቺ ሴት ልትነግረኝ የነበረው ይህንን ነው! ለካ አፏን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ልመለስ አሰብኩ፤ እግሬ ግን እሱ ወዳለበት ደብር ወሰደኝ።

ወይራ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ቆብ ደፍቷል፣ ዓይኑ ፈዟል። መስቀሉን ዘረጋልኝ፤ ተሳለምኩ። ስሙ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ፍትሐት የተደረሰበትን ስም በምን አፌ ልጥራ?

«አባቴ፣ ይባርኩኝ» አልኩ።

ክርስትና ስሜን አልጠየቀኝም፤ ድምፄን አውቆታል። ቀስ ብሎ፣ «መንገዱ እንዴት ነበር... ጓድ?» አለኝ።

ያ የጠላነው ቃል! ለሁለታችን የቀረልን እሱ ብቻ ሆኖ አረፈው! እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ሸጋ ነበር፣ ጓድ» አልኩት።