እትዬ አይናለም የወደቁ ዕለት

ሰሎሜ ፎጣ ልታመጣ ዞር ከማለቷ እትዬ አይናለም መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወደቁ። የአረጋውያን ተንከባካቢነት ሥልጠና ስትወስድ አሥር ጊዜ ተነግሯታል፦ የወደቀ ሰው አታንሺ፤ መጀመሪያ ለአምቡላንስ ደውዪ፣ ቀጥሎ ለቀጠረሽ ኤጀንሲ። ግን እናቷን የሚያህሉ ሴት እርቃናቸውን ተጋድመው ማን ቆሞ ስልክ ይነካካል? ደግፋ አነሣቻቸው።

"ጭንቅላትዎን መታዎት እንዴ?"

"ኧረ ዳሌዬን ነው። ሰሎምዬ፣ ስሞትልሽ ለዮአብ እንዳትነግሪ። ሌላ ጊዜ ከወደቅሽ መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ነው የማስገባሽ ብሎኛል።"

ዮአብ ኦቤትስ በምትባል ከተማ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ልጃቸው ነው። ለእናቱ ይሳሳል፤ ያለውን ግን አያጥፍም።

ሰሎሜን ይሉኝታ ያዛት። ይሉኝታ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ፈርታም ነበር። ለምን ብቻቸውን ተውሻቸው፣ ለምንስ አነሣሽ ብለው ከሥራ ቢያባርሯትስ? ስልኳ ላይ ያለው የሥራ ቅጽ "ዛሬ የወደቀ አለ?" ሲላት "የለም" የሚለውን ነካች።

የመድኃኒት ሳጥኑን ስትከፍት ግን ትዝ አላት። እትዬ አይናለም ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ውስጥ ውስጡን ሊደማ እንደሚችል የኤጀንሲው ነርስ አስጠንቅቃታለች። ከዚያ ወዲያ ሥራ የት አለ! ልብስ ስታጣጥፍ ታያቸዋለች፣ ሾርባ ስታማስል ብቅ ብላ ታያቸዋለች።

"እትዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ምን ነካሽ፣ ረቡዕ ነዋ!" ሳቁባት።

እሷም ሳቀች። ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ አሳልፍልኝ አለች በሆዷ።

ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቃቸው አልሳቁም። "ሔርሞን፣ በሩን ዝጊው" አሏት። ሔርሞን ከሞተች ሃያ ዓመት ያለፋት እህታቸው ናት። ሾርባ የሚጠጡበት ማንኪያ ከእጃቸው ወደቀ። ሰሎሜ ራሳቸውን ስትዳብስ ከጆሯቸው በላይ፣ ፀጉራቸው ሥር፣ እብጠት አገኘች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ የደበቀችው ደግሞ የሰው በሽታ ነው። ወዲያው ለአምቡላንስ ደወለች።

የአምቡላንሱ ሰው ገና ከመግባቱ "መቼ ነው የወደቁት?" አላት። "አሁን" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አሁን ብትል እንጀራዋ ይተርፍላታል፤ ሐኪሞቹ ግን የተሳሳተ ሰዓት ይዘው ያክሟቸዋል።

"ከወደቁ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗቸዋል" አለች።

ሰውየው ቀና ብሎ አያትና ሰዓቱን ጻፈ።

እትዬ አይናለም ከቃሬዛው ላይ እጇን ጨበጡ። "ለዮአብ እንዳትነግሪ" አሉ፣ ቃሉ አፋቸው ውስጥ እየተጎተተ።

ሰሎሜ እጃቸውን ሳትለቅ፣ በሌላው እጇ ለዮአብ ደወለች።