የእህት ፀጉር

«ከት!» አለች ዳይሬክተሯ ቀረጻውን ስታቆም።

የፌሌቲ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊት ለፊቱ የቆመችው ተዋናይ አሁን ያዘኝ ብላ አንገቷን ቀብራ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቅ ነበር። የሚነካት ሲጠፋ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችው።

«ይቅርታ» አላት በሹክሹክታ። ያ ሁሉ ትከሻ፣ ያ ሁሉ ደረት እያለው ድምፁ ጥፋት ሲሠራ የተያዘ ተማሪ ድምፅ ሆነ።

አያቱ እማማ ሎሳሊኔ ይህን የሚያዩት ከኩሽናው በር ሥር ቆመው ነው። በጎደሬ ቅጠልና በኮኮናት ወተት ያበሰሉትን ሥጋ በፎይል ጠቅልለው እቅፋቸው ውስጥ ይዘዋል። ማንም አልጠራቸውም። የቴሌቪዥን ሰዎቹ ለቀረጻ የተከራዩት ቤት ከእሳቸው ቤት ሁለት መንገድ ቢያልፍ ነው፤ ልጁ ቁርስ ሳይቀምስ ወጣ ብለው መጡ። ልጁ እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እሳቸው ዘንድ ግን የሃያ ስድስት ዓመት ሰውም ይራባል፣ ይበርደዋል፣ መንገድ ሲሻገር ግራ ቀኝ ማየት ይረሳል።

ዳይሬክተሯ ጆአን ከካሜራው ኋላ ወጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሲገቡ ወንበር የሰጠቻቸው እሷ ናት።

«ፌሌቲ፣ ምን ያዘህ? እህትህ ከማታውቀው ወንድ ጋር እንደምትወጣ ሰምተሃል። ደምህ ፈልቷል። በፀጉሯ ይዘህ እስከ መንገዱ ትጎትታታለህ። ሌላውን እኮ አሳምረህ ሠርተኸዋል!»

«እህት ናት» አለ ፌሌቲ።

«ተዋናይ ናት። ፀጉሩም ዊግ ነው።»

«እውነቷን ነው» አለች ልጅቷ፤ ዊጉን ከፍ አድርጋ ሥሩን አሳየችው። መብራት የያዙት ሰዎች ሳቁ። ፌሌቲ ግን አልሳቀም።

«ምሳ ብሉ» አለች ጆአን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከምሳ በኋላ እንሞክረዋለን። ካልሆነ ግን ሌላ ሰው አለ፣ ዴሚየን የሚባል፤ ልጠራው ነው። እያስፈራራሁህ አይደለም፤ እንድታውቀው ብዬ ነው።»

እማማ ሎሳሊኔ ይህን ሲሰሙ ፎይሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

የሚፈሩት ሌላ ነገር አይደለም፤ መጋረጃውን ነው። ፌሌቲ ራግቢ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ሐኪሞቹ በቃህ ካሉት በኋላ ክፍሉ ገብቶ መጋረጃውን ዘጋ፤ ከዓመት በላይም አልከፈተውም። ከዚያ የቴሌቪዥን ሰዎች ቁመናውን አይተው ወሰዱት። መጀመሪያ በር ጠባቂ አደረጉት። እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ ዋናው ሰውዬ ይመጣል፤ አንድ ቡጢ ያቀምሰዋል፤ ይወድቃል። በቴሌቪዥን እንደ እነሱ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣ ወንድ ማለት ይኼው ነው። ቁጭ ብሎ ሲያስብ፣ ልጅ ሲያቅፍ፣ ለታመመ ሰው ሾርባ ሲያቀዘቅዝ ያሳየው የለም። አሁን ግን ስም ያለው፣ የሚናገር፣ እስከ መጨረሻው ክፍል የማይሞት ሰው ሆኖ ተመረጠ። ይህን በሰማ ማግሥት መጋረጃውን ከፈተው። እማማ ሎሳሊኔም መስታወቱን ሲወለውሉ አለቀሱ።

ከፌሌቲ ጋር ጓሮ ወጥተው ከልብስ ማስጫው ሥር ተቀመጡ። ፎይሉን ፈተው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

«ጎትታት» አሉት።

«እማማ!»

«ምን እማማ? የላስቲክ ፀጉር ነው። እግዜር የላስቲክ ፀጉር አይቆጥርም።»

«እህትህ ቶአካሴ ስትገባ ተነሥ፣ ቶአካሴ ስትናገር ዝም በል እያልሽ በኩርኩም ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«እንዴት አድርጎ ሌላ ይሆናል? እጄ እኮ ያው እጄ ነው።»

«ብላ እስቲ» አሉት።

ቶአካሴ ታላቅ እህቱ ናት። በእነሱ ዘንድ ወንድም በእህቱ ፊት ድምፁን አያነሣም። ቴሌቪዥን እያየ እሷ ከገባች ተነሥቶ ይወጣል፤ እዚያ ሳጥን ላይ ምን እንደሚመጣ አይታወቅማ! ከልጅነታቸው ጀምሮ ሁለቱ አንድ ፊልም አብረው አይተው አያውቁም። እሷ አድርግ ካለች ግን አለቀ፤ ከአያትም ከቄስም ቃል ይበልጣል። እማማ ሎሳሊኔ ወደ አጥሩ ራቅ ብለው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉላት።

ቶአካሴ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። ፌሌቲ ገና ሲያያት ለቀረጻው የተቀባው ንቅሳት እንዳይታይ ሸሚዙን ደርቦ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እሷም ከልብስ ማስጫው ወዲህ ቆመች። እማማ ሎሳሊኔ መሀል ገቡ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ቶአካሴ።

«ምን ሆነሃል ትልሃለች።»

«ሰምቻለሁ፣ እማማ። ልነግራት ግን አልችልም።»

«ልነግራት አልችልም ይላል።»

«እኔም ሰማሁ» አለች ቶአካሴ፤ ከንፈሯ ሊስቅ ፈልጎ ተመለሰ። «እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ።»

«እህቱን ትንሽ ይቆጣታል።»

«ትንሽ?»

«በፀጉሯ ይጎትታታል። እስከ መንገድ ድረስ። ይሰድባታል። ስድቡን ከኔ አትስሚውም።»

ቶአካሴ ወደ ወንድሟ ጀርባ ተመለከተች። እማማ ሎሳሊኔ ክንዷን ይዘው ወደ ዳር ወሰዷት።

«አድርግ በይው፣ ልጄ። ከአፍሽ ይውጣና ሸክሙ ይቅለለው። ጨዋታ ነው በይው። መጋረጃው ተመልሶ ሲዘጋ ማየት አልችልም፤ አቅም የለኝም።»

«እማማ፣ በቀደም ያጠብኳቸው ሽማግሌ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ወንድሞችሽ ይመቱሻል እንዴ?› አሉኝ። ነገር ፈልገው አይደለም፤ ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። እጄን ይዘው አለቀሱ። በቴሌቪዥን አይተው ነው።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን ልበላቸው? ወንድሜ እኔ ካልተቀመጥኩ አይቀመጥም ብላቸው ማን ያምነኛል?»

«እንግዲያው ከልክዪው!» አሉ እማማ ሎሳሊኔ ተቆጥተው። «ወይ አድርግ በይው፣ ወይ ተው በይው። እንዲህ አንጠልጥለሽ አትያዥው።»

«አላዘውም። አልከለክለውምም። እንጀራው ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፤ እሱ ራሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?»

መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ጓሮው ጠባብ ነው። ፌሌቲ ፊቱን ከአጥሩ ሳያዞር መለሰ።

«እወጣ ነበር» አለ።

ለጆአንም ይህንኑ ነገራት።

«ትወጣለህ? ከዚያስ?»

«በረንዳው ላይ እቆማለሁ።»

«ቁጣውስ?»

«እሱም አብሮኝ ይወጣል።»

ጆአን ዓይኖቿን በመዳፏ አሸች። «ለአንድ ጊዜ እንቀርጸዋለን፤ ግን አልዋሽህም። የቴሌቪዥን ጣቢያው የተስማማው በፀጉር ጉተታው ነው።»

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ፌሌቲ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ በበሩ ገባች። ፌሌቲ ተነሣ፤ ትልቁን ገላውን እንደምንም አጥፎ፣ ራሱን ደፍቶ በአጠገቧ አልፎ ወጣ። በረንዳው ላይ የእንጨቱን መደገፊያ በሁለት እጁ ጨበጠው። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ያ ጀርባ ግን ተንቀጠቀጠ፤ ጥፍሮቹ ነጡ፤ እንጨቱም ሲጥ ሲል ተሰማ። ምን ማድረግ እንዳለባት ያልተነገራት ልጅቷ የሽቦ መረቡን በር በትንሹ ገፋ አድርጋ፣ ድርሰቱ ላይ የሌለ ነገር ተናገረች፦

«እራት ትበላለህ?»

ፌሌቲ ፊቱን ሳያዞር ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ከት የሚል ሰው ጠፋ። ጆአን ስታስታውሰው እንኳ ቃሉ ከአፏ የወጣው በሹክሹክታ ነው።

ወደ በረንዳው መጣችና አጠገቡ ቆመች። «ቆንጆ ነው» አለችው። «ግን ጣቢያው አይወስደውም። ነገ ጠዋት የፀጉር ጉተታውን መቅረጽ አለብኝ። ትመጣለህ?»

ፌሌቲ ወደ አያቱ ተመለከተ። እማማ ሎሳሊኔ ሳያውቁት ከንፈራቸው «አዎ በል፣ አዎ በል» ይል ነበር። አየው። ፈገግ አለላቸው፤ አሳዛኝ ፈገግታ አልነበረም።

«አልመጣም» አለ።

«እሺ።» ጆአን እጇን ዘረጋችለት፣ ከጨበጠችውም በኋላ ቶሎ አልለቀቀችውም። «ለዴሚየን እደውላለሁ።»

እንዲህ በአንዲት ቃል አለቀ። እማማ ሎሳሊኔ ባዶውን ፎይል ማጣጠፍ ያዙ። ልጁን ማን ያጽናናው፣ ዛሬ ማታ ምን ይብላ፣ መጋረጃውንስ ከመስኮቱ ጨርሰው ቢያወልቁት ይሻል ይሆን እያሉ ያስቡ ጀመር።

በዚህ መሀል ቶአካሴ በኩሽናው በር ብቅ አለች።

«እማማ፣ የሠራውን ማየት እፈልጋለሁ።»

ጆአን ምኑን ታውቃለች? ደስ ብሏት ሁለት ወንበር አምጥታ ከትንሹ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ደረደረች። «ኑ፣ ሁለታችሁም እዩት።»

የፌሌቲ ጆሮ ቀላ። ወደ በሩ አመራ።

«ይቆይ በይው» አለች ቶአካሴ። «የሚያሳፍር ነገር ከሌለበት ለምን ይወጣል?»

ፌሌቲ በሩ ላይ ቆመ። አልወጣም፤ አልተመለሰም። ሁለቱም አያታቸውን አዩ።

እማማ ሎሳሊኔ ወንበሮቹን አዩ። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አሰቡ። የራሳቸውን ሟች እናት አሰቡ። ዳሌያቸው ካመማቸው ወዲህ መሬት ተቀምጠው አያውቁም፤ ከተቀመጡም የሚያነሣቸው ሰው ያስፈልጋል።

አንደኛውን ወንበር ወደ ግድግዳው፣ ሌላኛውን ወደ መስኮቱ ገፉት። ከዚያ የሶፋውን ክንድ ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ ቀስ ብለው በሁለቱ መሀል ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«በሉ፣ እኔ መሀል አለሁ፤ ተቀመጡ» አሏቸው። ከዚያም ወደ ጆአን ዞሩ። «አጫውቺው።»