ገጽ ዘጠና ሁለት

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ የማይሞተው ምን ሆኖ ነው?» አለች ልጅቷ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ።

ደራሲው ከጎኗ በፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን አልገለጡም። «የቱ ሰውዬ?»

«መቶ አለቃው ነዋ! ሆዱን የተመታው ገጽ ዘጠና ላይ ነው። ይኸው ዘጠና ሁለት ገባን፣ እሱ ግን ገና ንግግር ላይ ነው። እኔ ጣቴን ብቆረጥ እንኳ ‹ወይኔ እናቴ› ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም።»

«ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቷ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ብትሆንም በሰፈሩ እንደሷ ፈጥኖ በኮምፒውተር የሚጽፍ የለም። የምትገለብጠው የደራሲው የመጀመሪያ የጦርነት ልቦለድ ከታተመ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። አሁን እንደገና ሊታተም ስለሆነ፣ የተበጣጠሰ አሮጌ ቅጂያቸውን ይዘው አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ መጥተዋል። እሷ የምትሠራበት የጽሕፈት ሱቅ በር ላይ ያሉት ደረጃዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ግን እያንዳንዷን እየረገሙ ነው የሚወጧቸው። «ጉልበት ድሮ ቀረ» ይላሉ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሥራው ለአሳታሚው መድረስ አለበት፤ የቀረው ይህ የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው።

ልጅቷ ቀጠለች። «አታልቅሱልኝ፤ እኔ የወደቅኩት እናንተ ቀጥ ብላችሁ እንድትቆሙ ነው…» ወደ ቅጂው ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ጨረሰችው።

ደራሲው ዓይናቸውን ገለጡ። «በቃልሽ ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«ወንድሜ ነዋ! ጠዋት መስታወት ፊት፣ ማታ አልጋ ላይ። ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ካነበነበው ወዲህ አለቀቀውም። የቤታችን ግድግዳ እንኳ ሸምድዶታል።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሩቅ አልሄደም። «ነገ ጠዋት ይዘምታል። በገዛ ፈቃዱ ነው የተመዘገበው። እናቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፣ እሱ ቁጭ ብሎ ጫማውን ይወለውላል።»

ደራሲው ፊታቸውን በመዳፋቸው አሻሹ።

«እንዲህ አላለም» አሉ።

«ማን?»

«መቶ አለቃው። የእውነት ሰው ነው እኮ። ሲሞት አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«‹ጫማዬ ጠበበኝ፣ ፍታልኝ› አለ። አራት ቀን ተጉዘን እግሩ አብጦ ነበር። ማሰሪያው ላይ ጭቃ ደርቆበት አልፈታ አለኝ። ከማሰሪያው ጋር ስታገል ሞተ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ወዳለው ንግግር ጠቆመች።

«ይሄንን ታዲያ ከየት አመጡት?»

«እናቱ ‹ልጄ ሲሞት ምን አለ?› ብላ ጠየቀችኝ። ጫማ ጠበበው ልበላት? አንድ የሚያምር ነገር ፈጠርኩላት። ኋላ መጽሐፉ ውስጥ ከተትኩት፣ ሰው ወደደው። ከዚያ ወዲህ አምስት መጽሐፍ ጻፍኩ። በአምስቱም የሚሞተው ሁሉ ይናገራል። አንድም ጫማ የጠበበው የለም።» በረጅሙ ተነፈሱ። «ደከመኝ፣ ልጄ።»

ስልካቸው ጮኸ። አሳታሚው ነው፤ ድምፁ እስከ ልጅቷ ይሰማል። «ጋሼ፣ የመቶ አለቃውን ንግግር በጀርባ ሽፋኑ ላይ ልናወጣው ነው! እሷን ገጽ ቶሎ ይላኩልን፣ ሰው መጽሐፉን የሚፈልገው ለሷ ነው።»

«እሺ፣ እሺ» ብለው ዘጉና ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። «አጥፊው።»

«ሽፋኑስ?»

«ባዶውን ይታተም። አጥፊው አልኩሽ።»

ንግግሩ ሁለት ገጽ ነበር፤ ለመጥፋት የዓይን ጥቅሻ ያህል አልፈጀበትም። በቦታው አንዲት መስመር ጻፈች፦ ጫማዬ ጠበበኝ፣ ፍታልኝ። ገጹን ለአሳታሚው ላከች፤ አንድ ቅጂም አተመችና በጥንቃቄ አጠፈችው።

«ለወንድሜ ልውሰድለት?»

ደራሲው ወረቀቱን አዩት። «እሱን እዚህ ያደረሰው ወረቀት አይደል እንዴ? ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«አራተኛ። ሊፍት የለውም። ጋሼ፣ ሰባ ሁለት ደረጃ ነው እኮ! እኔ ራሴ መሀል ላይ አርፋለሁ።»

ደራሲው በሩ ላይ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ከዘራቸውን አነሱ።

«እናርፋለና» አሉ። «ሱቁን ዝጊ።»