የሾፌሩ ራት

የዝምተኛዋን ልብስ ሰፊ የባል እህት ደንበኞች «መቀስ» ይሏታል፤ ለስፌት ሙያዋ ሳይሆን ለምላሷ። ሁለቱ ሴቶች በአንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሠራሉ። አንዷ ታወራለች፣ ሌላዋ ትሰፋለች።

ዝምተኛዋ ባሏ ሲቀበር እንባ እምቢ አላት። «ደረቅ ናት» ተብላ ታማች። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጨርቅ ልትቆርጥ ባጎነበሰች ቁጥር ከጨጓራዋ የተነሣ እሳት ደረቷን እየላሰ ጉሮሮዋ ድረስ ይወጣ ጀመር። ስትተኛ ይብስባታል። ጎምዛዛ ውሃ አፏን ይሞላዋል፤ ጠዋት ድምጿ ሻክሮ፣ ደረቅ ሳል ይዟት ትነሣለች። ለማንም አልተናገረችም። እንዲያውም በልቧ እፎይ አለች። ለካስ እሷም ታለቅሳለች፤ እንባዋ ወደ ውስጥ ሆኖ ነው እንጂ።

ደረቷን ስታሻሽ መቀስ ባየቻት ጊዜ፣ «ሐዘን ነው፣ እቴ» አለቻት። «ለወንድሜ እንኳን ነደድሽለት። እኔ እህቱ ሆዴ ሲሞላ እረሳዋለሁ።»

አንድ ቀን ግን ቃጠሎው ጠንቶባት ወለሉ ላይ ቁጭ ስትል፣ መቀስ መርፌዋን ጥላ ክንዷን ያዘች። «ተነሽ። አንድ ሞት ይበቃኛል።»

ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ልቧን መረመረ። «ልብሽ ደህና ነው፣ ልጄ። ራት በስንት ሰዓት ትበያለሽ?»

«በአምስት።»

«እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል? ከዚያስ?»

«እተኛለሁ። ባለቤቴ የማታ አውቶቡስ ነጂ ነው። ሲገባ አብረን ነው የምንበላው።»

«እሱንስ ያቃጥለዋል?»

መቀስ አንገቷን ደፋች። ሴትየዋ የቦርሳዋን ማንገቻ ስትፈትል ቆይታ፣ «ሞቷል» አለች።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ቃር ነው» አላት በዝግታ። «የጨጓራሽ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው። መድኃኒት እሰጥሻለሁ። መዋጥ ካስቸገረሽ ወይ ከከሳሽ ቶሎ ነይ። ራትሽን ግን በጊዜ ብዪ፤ ምግቡ ሳይወርድልሽ ጋደም አትበዪ።»

መንገድ ላይ መቀስ፣ «ወንድሜን በቃር ለወጥሽው ማለት ነው?» አለች። ቀልድ ልታደርገው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። ትንሽ ተራምደው፣ «ሁለት ሳህን ነው የምታቀርቢው?» ስትል ጠየቀች። ሴትየዋ እርምጃዋን አፈጠነች። መቀስ ደረሰችባት። «ዛሬ እኔ ጋ ብዪ።»

«አይ፣ ቤቴ እበላለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ሳይጨልም፣ ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ከደጅ ሲጠሩ እየሰማች በላች። አንድ ሳህን። እሱ ሳይገባ መቅመስ ነውር ነበርና የመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች አልወርድ አሏት። እያደር ወረዱ።

አንድ ጠዋት ጨርቅ ልትቆርጥ አጎነበሰች። እሳቱ የለም። መርፌ እንደጠፋበት ሰው ይበልጥ ዝቅ አለች፤ ደረቷ ጠረጴዛውን ነካ። አሁንም የለም።

«ምን ጠፋብሽ?» አለች መቀስ ሳትዞር።

«ምንም። ተሻለኝ።» ድምጿ ጥርት ብሎ ወጣ። የሌላ ሰው መሰላት።

የመቀስ ስፌት መኪና መንኳኳቱን አቆመ። ሴትየዋ ጨርቁ ላይ ጠብ ያለውን እንባ፣ ጨርቁ የደንበኛ ነውና፣ ቶሎ በመዳፏ ሸፈነችው። ሌላ ተከተለ። እጇ ሁለት ብቻ ነበር።